«ያኔ የት ነበርክ?» መልስ አይደለም

በአማርኛ በሚካሄድ የፖለቲካ ክርክር ውስጥ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚደጋገም አንድ ጥያቄ አለ፦ «ያኔ የት ነበርክ?» አንዱ ተከራካሪ በአንድ ቦታ ሰዎች ተፈናቀሉ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ያለ ፍርድ ታሰሩ ብሎ ይጀምራል። ሌላው ተፈናቅለዋል ወይስ አልተፈናቀሉም ለሚለው መልስ ሳይሰጥ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ቦታ ሌሎች ሰዎች ሲፈናቀሉ ተናጋሪው ምን ብሎ እንደነበር ይጠይቀዋል። የተጠየቀውም ወይ ያን ጊዜም ተናግሬ ነበር ብሎ የድሮ ንግግሩን ፍለጋ ይገባል፣ ወይ «አንተስ ከዚያ በፊት?» ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። እንዲህ እያለ ክርክሩ ከዘንድሮ ወደ አምና፣ ከአምና ወደ ደርግ፣ ከደርግ ወደ ምኒልክ ዘመን ይንሸራተታል። ሰዓቱ ሲያልቅ መጀመሪያ የተነሳው ጉዳይ፣ እነዚያ ሰዎች በማን ተፈናቀሉ፣ ዛሬስ የት ወደቁ የሚለው፣ አንድም ቃል ሳይነገርበት ይቀራል። ሎጂክ የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን የክርክር ስህተት በላቲን «ቱ ክዎክዌ» ይሉታል፤ «አንተም ያው ነህ» እንደማለት ነው። ስህተት የተባለው የሚወረወረው ክስ ሐሰት ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ችግሩ የአንድ ጥያቄ መልስ የሌላ ጥያቄ መልስ ተደርጎ መቅረቡ ነው፤ እውነት መሆኑ ደግሞ ማታለሉን የባሰ ያቀልለታል።

ይህ ስልት ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በእኛው ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1934 (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ኃይሎች ወልወል ላይ ተታኮሱ። ኢትዮጵያ ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለች። ከወራት መጓተት በኋላ የግልግል ኮሚሽኑ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1935 ውሳኔውን ሰጠ፦ ለግጭቱ ከሁለቱ መንግሥታት አንዳቸውም ተጠያቂ አይደሉም። ሙሶሊኒ ለወረራ ሰበብ ያደረገው ነገር በዚያው ዕለት ተበላሸበት ማለት ነው። በማግስቱ የኢጣሊያው ተወካይ ባሮን ፖምፔዮ አሎይዚ ሌላ ሰነድ ይዞ ጄኔቭ ላይ ቀረበ። የሰነዱ ክብደት ያረፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ በኢትዮጵያ ባርነት አለ፣ ሀገሪቱ የገባችውን ቃል አልጠበቀችም፣ ስለዚህ ከሌሎች አባል መንግሥታት እኩል መብት ልትጠይቅ አትችልም። ጥያቄው «ኢጣሊያ ኢትዮጵያን መውረር ትችላለች ወይ?» የሚል ነበር፤ መልሱ «ኢትዮጵያስ?» ሆነ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሚመሩት የኢትዮጵያ ልዑካን በኩል የተሟገተው ፈረንሳዊው የሕግ ፕሮፌሰር ጋስቶን ዤዝ ሲናገር አሎይዚ ከስብሰባው ወጣ። ጥያቄውን ያነሳው ሰው መልሱን ለመስማት እንኳ አልቆየም።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ክሱ ፈጠራ አልነበረም። ኢትዮጵያ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1923 የማኅበሩ አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር። በ1924 አዋጅ ወጣ፣ በ1931 ደግሞ ጠበቅ ያለ ሕግ ተከተለ፤ ይሁን እንጂ በ1935 ባርነት አልጠፋም ነበር። ሙሉ በሙሉ የተሻረው ከነጻነት በኋላ በ1942 ነው። እና አሎይዚ ያቀረበው ሰነድ የተጋነነና ለጥፋት የታለመ ቢሆንም ሥሩ እውነት ነበረው። ይህን መካድ ለእኛም አይበጀንም። ታዲያ እውነት መሆኑ ምን ለወጠ? ባርነት መኖሩ የወልወልን ውሳኔ አያፈርስም፣ የመረብን ወንዝ መሻገርም አይፈቅድም። ማኅበሩ ራሱ በሕግ ደረጃ ይህን አላጣውም፤ የኢጣሊያ ጦር ኦክቶበር 3 ወረራውን ሲጀምር፣ ምክር ቤቱ ኦክቶበር 7 ቀን ኢጣሊያ የማኅበሩን ቃል ኪዳን ጥሳ ጦርነት ገብታለች ብሎ ወሰነ። ከአዳራሹ ውጭ ግን «ኢትዮጵያስ?» የሚለው ጥያቄ ሥራውን ሠርቶ ነበር። በዚያው ወር የፈረንሳይ ምሁራን ፓሪስ ላይ ኢጣሊያን ደግፈው መግለጫ ፈረሙ፤ መከራከሪያቸው ያልሠለጠኑ ነገዶች ስብስብ ለሆነች ሀገር ሲባል የሠለጠነችውን ኢጣሊያ መቅጣት አይገባም የሚል ነበር። ዝም ማለት የፈለገ ሁሉ የሚደገፍበት ግንብ አገኘ።

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነው። ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝ በጦርነት እንዳይውል የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቭ ፕሮቶኮል የፈረመች ሀገር ነበረች። ኢትዮጵያ በጋዝ ተጠቃን ብላ ስትጮህ ከሮም የመጣው መልስ አሁንም በዚያው ቅርጽ ነው፦ ኢትዮጵያውያንስ የተከለከለውን ዱምዱም ጥይት ይተኩሱ የለም? የተማረከውን አውሮፕላን ነጂ ቲቶ ሚኒቲን አልገደሉትም? ዲሴምበር 30 ቀን 1935 መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ሲደበደብ፣ ሰዎች ሲሞቱ፣ የተሰጠው ምክንያት የሚኒቲ በቀል ነው የሚል ነበር። ምርኮኛ መግደል ወንጀል ነው፤ የሚኒቲ አሟሟትም ራሱን የቻለ ምርመራ ይገባው ነበር። ነገር ግን ቀኖቹን በተራ እንደርድራቸው። ሙሶሊኒ ለጄኔራል ግራዚያኒ ጋዝ መጠቀምን የፈቀደበት ቴሌግራም የተላለፈው ኦክቶበር 27 ነው። ተከዜ አጠገብ በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ የሰናፍጭ ጋዝ የወረደው ዲሴምበር 23 ነው። ሚኒቲ የሞተው ከዚያ በኋላ፣ ዲሴምበር 26 ነው። በቀል ነው የተባለው ነገር የተፈቀደው የሚበቀሉለት ሰው ከመሞቱ ሁለት ወር ቀድሞ ነበር። «እነሱስ?» የሚለውን ምክንያት ከማመን በፊት የቀን መቁጠሪያ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር። ጋዙን በተመለከተ ደግሞ ማስረጃው በኢትዮጵያ መንግሥት ጨዋነት ላይ የቆመ አልነበረም፤ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ሐኪም ማርሴል ዡኖ ኮረም ላይ የተቃጠሉትን ሰዎች በዓይኑ አይቷል። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙን መጠቀሙን በይፋ ያመነው ግን በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ!

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር በባርነት ውስጥ የነበሩት ሰዎች ዕጣ ነው። ጄኔቭ ላይ ስማቸው ተጠራ፤ አንዳቸውም ግን ምን ትፈልጋላችሁ ተብለው አልተጠየቁም። ጄኔራል ዴ ቦኖ ትግራይ በገባ በቀናት ውስጥ ባርነት ተሽሯል ብሎ አዋጅ አስነገረ፤ ከሁለት ወር በኋላ ከአውሮፕላን የወረደው የሰናፍጭ ጋዝ ደግሞ ጌታና ሎሌ አይለይም ነበር። «አንተስ?» ባይ ያነሳውን በደል ለተበዳዩ ብሎ አያነሳውም፤ እንደ ጋሻ ነው የሚይዘው፤ ጦርነቱ ሲያልፍ ጋሻው ይጣላል። ዛሬም እንዲሁ ነው። ስለ አንዱ አካባቢ ሟቾች ሲነሳ የሌላውን አካባቢ ሟቾች ጠርቶ አፍ የሚያስይዝ ሰው፣ ክርክሩን ካሸነፈ በኋላ ስለነዚያ ሟቾች ስንት ጊዜ መልሶ ያነሳል? የሁለቱ ወገን ሙታን እርስ በርስ ተጣፍተው መድረኩ ባዶ ይሆናል፤ ማንም አልተጠየቀም፣ ማንም አልተካሰም። ተናጋሪው ያን ጊዜ ዝም ማለቱ ነውር ነው እንበል። ነውሩ የእሱ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ ለምን ዘንድሮ ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ላይ ያርፋል? ገበሬው ማን ምን እንዳለ እንኳ አያውቅ ይሆናል።

ፍርድ ቤት ይህን እንቆቅልሽ ከፈታው ቆይቷል። ይዞታዬን ገፍቶ ገባ ብሎ ጎረቤቱን የከሰሰ ሰው፣ «አንተም ያበደርኩህን ገንዘብ አልመለስክም» የሚል መልስ ሊገጥመው ይችላል። ዳኛው ተከሳሹን ዝም በል አይለውም። አቤቱታህን በተከሳሽ ከሳሽነት አቅርብ፣ ዳኝነት ክፈል፣ ማስረጃህን ቁጠር ይለዋል። ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ መዝገብ ሊታዩ ይችላሉ፤ ፍርዱ ግን ሁለት ነው። ከሳሽ ገንዘቡን ይከፍላል፣ ተከሳሽም አጥሩን ይመልሳል። ሕጉ ዕዳን በዕዳ ማቻቻል የሚፈቅደው ሁለቱም ገንዘብ ወይም አንድ ዓይነት ነገር ሲሆኑ ነው፤ አምስት ሺህ ያበደረ ሰው ሦስት ሺህ ቢኖርበት ሁለት ሺህ ይቀበላል። የደበደበኝን ደበደብኩት ያለ ሰው ግን ድብደባውን ሁለት አደረገው እንጂ ወደ ዜሮ አላወረደውም። የቴሌቪዥን ክርክር፣ የፓርላማ ውይይትና የሰፈር ስብሰባ ሁሉ የሚያጡት ይህችን ተራ የመዝገብ ሥርዓት ነው። «አንተስ?» የሚለው ሰው አዲስ መዝገብ ከፍቶ ማስረጃ ሊቆጥር ነው የመጣው ወይስ የተከፈተውን ሊያዘጋ? ልዩነቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ለማወቅም አይከብድም፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሶ ሁለተኛውን ካነሳ ሊያስከፍት ነው፣ ሳይመልስ ካነሳ ግን ሊያዘጋ ነው።

ተቃውሞው ከባህላችንም ከእምነታችንም ይነሳል። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የምንል ሕዝብ ነን፤ በደለኛ ሲገሥጽ መስማት አንወድም። ተረቱ ትክክል ነው፣ ግን የሚለውንና የማይለውን እንለይ። ወጥዋ ያረረባት ሴት መጀመሪያ ወደ ራሷ ምድጃ ትመለስ ይላል። የጎረቤቷ ወጥ አላረረም አይልም፤ ጎረቤቷም እሳቱን ትተወው አይልም። ወንጌልም ቢሆን በወንድሙ ዓይን ያለችውን ጉድፍ ስለሚያይ፣ በራሱ ዓይን ያለውን ምሰሶ ግን ስለማያይ ሰው የሚናገረው ክፍል የሚያበቃው ምሰሶው ወጥቶ፣ ከዚያም ጉድፏን ለማውጣት አጥርቶ በማየት ነው። ጉድፏ የለችም አልተባለም። ስታመነዝር ስለተያዘችው ሴት በሚነገረውም ታሪክ ከሳሾቹ ድንጋይ ሳይወረውሩ ሄዱ፤ ሴቲቱ ግን ደግመሽ እንዳትበድዪ ተብላ ነው የተሰናበተችው። የከሳሾቹ ኃጢአት ያስቆመው የእነሱን ድንጋይ ነው እንጂ በድርጊቱ ላይ የተሰጠውን ፍርድ አይደለም። ይህን ክፍል የሚጠቅሱ ተከራካሪዎች የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ይተዋታል።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞ አለ። የራሱን ወገን ሙታን ብቻ የሚቆጥር ሰው በመቁጠሩ ብቻ እየዋሸ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። በየጊዜው አንድ ወገን ሲጎዳ ብቻ ድምፁ የሚሰማ ጋዜጠኛ፣ ምሁር ወይም የመብት ተከራካሪ፣ የተናገረው እያንዳንዱ ነገር ትክክል ቢሆን እንኳ ድምሩ ሐሰት ይሆናል። አንባቢው ግፍ የሚፈጽመው ሁልጊዜ ያ ወገን ነው ብሎ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ሰው «ያኔ የት ነበርክ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፣ መጠየቅም አለበት። ነገር ግን ጥያቄው ምን እንደሚያረጋግጥ በልኩ እንያዘው። ሰውየው አድሏዊ መሆኑን፣ ዝርዝሩ ጎዶሎ መሆኑን ያረጋግጣል። ጎዶሎ ዝርዝር የሚታረመው የቀሩትን ስሞች በመጨመር ነው። የተጻፉትን በመሰረዝ ዝርዝሩ ይበልጥ ይጎድላል እንጂ አይሞላም። ሌላም ነገር አለ፤ የሰውየው ታማኝነት የሚመዘነው እማኝነቱ በራሱ ቃል ላይ ብቻ ሲቆም ነው። ብቻውን አየሁ ካለ፣ ከዚህ በፊት ዋሽቶ እንደሆነ መጠየቅ የመስቀለኛ ጥያቄ መብት ነው። የሐኪም መዝገብ፣ ፎቶግራፍና የሌሎች ምስክሮች ቃል ካለ ግን የእሱ ጠባይ ከጉዳዩ ወጥቷል። አሎይዚ ኢትዮጵያን ሺህ ጊዜ ቢወቅስ ኮረም ላይ የተላጠው ቆዳ አይድንም።

«አንተስ?» በሙሉ መብት መልስ የሚሆንበት አንድ ቦታ ደግሞ አለ፣ እሱንም መሸፈን አይገባም። በኑረምበርግ የናዚ መሪዎች ችሎት የጀርመን ባሕር ኃይል አዛዥ የነበረው ካርል ዶኒትዝ ሰርጓጅ መርከቦችን ከሕግ ውጭ አሰማርቷል ተብሎ ሲከሰስ፣ ጠበቃው ኦቶ ክራንዝቡህለር ከአሜሪካው አድሚራል ቼስተር ኒሚትዝ የጽሑፍ ምስክርነት አምጥቶ አቀረበ፦ አሜሪካም ከጦርነቱ የመጀመሪያ ቀን አንስቶ በፓሲፊክ ያለ ገደብ በሰርጓጅ መርከብ ተዋግታለች። ጠበቃው እነሱም አጥፍተዋልና ደንበኛዬ ይለቀቅ አላለም። ሁለቱም ወገን እንዲህ ከተዋጋ ሕጉ እናንተ እንደምትሉት አይደለም ነው ያለው። ችሎቱ ጥፋተኛ ብሎ አሥር ዓመት ፈረደበት፤ ቅጣቱን ግን በሰርጓጅ መርከብ ጦርነት ሕግ ጥሰት ላይ አልመሠረተም። በዚህ ዓይነት ክርክር ንጽጽሩ ጉዳዩ ራሱ ነው፤ ደንቡ ምን እንደሆነ፣ ለሁሉም እኩል ይሠራል ወይ የሚለው እየተጠየቀ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ሠራተኞች በአንድ ጥፋት ተገኝተው አንዱን ብቻ ካባረረ፣ የተባረረው «እሱስ?» የማለት መብት አለው። ከዚህ አልፎ ሲሄድ ግን ፍርድ ቤቶችም አይቀበሉትም። የዩጎዝላቪያ የጦር ወንጀል ችሎት በጃንዋሪ 2000 በቦስኒያ የአህሚቺን መንደር ጭፍጨፋ በተመለከተ በሰጠው ፍርድ፣ ሌላውም ወገን እንዲሁ አድርጓል የሚለውን መከላከያ አልተቀበለም። ሲቪሎችን አለመግደል ጠላት ሲያከብረው ብቻ የሚከበር ውል አይደለም።

የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሌላ ነገር ያሳያል። ስለ ሶቪየት እስር ካምፖች ለሚነሳ ጥያቄ «እናንተ ሀገርስ ጥቁሮች ይሰቀሉ የለም?» የሚለው መልስ ከመደጋገሙ የተነሳ ሩሲያውያን ራሳቸው ይቀልዱበት ነበር። መልሱ አንድ እስረኛ አላስፈታም። የተሰነዘረው ክስ ግን እውነት ነበር። አሜሪካም ለዓመታት «እነሱስ?» ስትል ኖራ፣ በዲሴምበር 1952 የፍትሕ መሥሪያ ቤቷ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ባቀረበው ጽሑፍ የዘር መድልዎ ለኮሚኒስት ፕሮፓጋንዳ እህል እየሆነ መሆኑን አምኖ መድልዎው እንዲቆም ጠየቀ። በሜይ 1954 ፍርድ ቤቱ የትምህርት ቤቶች በዘር መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ለዚህ ፍርድ ዋናው ምክንያት የጥቁር አሜሪካውያን የዓመታት ትግል ነው፤ ቢሆንም ከጠላት አፍ የወጣ ክስ እንኳ መልስ ሲሰጠው የሚጠቅመው የከሳሹን ሀገር ሳይሆን የተከሳሹን ዜጎች መሆኑን መታዘብ ይቻላል።

ከሁሉ ይበልጥ ይህን ልማድ ሊያርሙ የሚችሉት አወያዮች ናቸው፤ ጉዳዩ ግን ከእነሱ የሚጠይቀው ድፍረት ሳይሆን ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። እንግዳው «ያኔ የት ነበርክ?» ሲል አብዛኛው አወያይ ወይ ነገሩ ጋለ ብሎ ደስ ይለዋል፣ ወይ «ወደ ርዕሳችን እንመለስ» ብሎ ያልፈዋል። ሁለተኛውም አይበቃም። የታለፈው ሰው በደሉ ተዳፈነ ብሎ ይቀየማል፤ እውነቱን ነው፣ ተዳፍኗል። ጥያቄው በወረቀት ይመዝገብ፤ «የአምናውን በ9፡40 እንመጣበታለን፣ አሁን ግን የዘንድሮውን ይመልሱልኝ፣ ተፈናቅለዋል ወይስ አልተፈናቀሉም?» ይባል። 9፡40 ሲሆን በእርግጥም ይመለስበት። ያን ጊዜ ጥያቄውን የወረወረው እንግዳ ስለዚያ በደል የሟቾችን ቁጥር፣ ቦታውንና ቀኑን፣ ተጠያቂ የሚላቸውን ሰዎች ከነማስረጃው ይዘረዝር ዘንድ ይጠየቅ፤ ሌላውም ለምን ዝም እንዳለ ይመልስ።